ለሞሽን ግራፊክስ ሥራ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛትዎ በፊት፦ የአመራረጥና የአቀያየር መመሪያ

በድሬዳዋ የማስታወቂያ፣ የሠርግ ቪዲዮ መክፈቻና የሎጎ አኒሜሽን ከሚሠሩ ባለሙያዎች በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኮምፒውተሬ ሬንደር ሲያደርግ ይንቀራፈፋል፤ የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» (ሬንደር ማለት የተሠራውን ፕሮጀክት ወደ ተጠናቀቀ ቪዲዮ ወይም ምስል መለወጥ ነው።) ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ጋር እዚሁ ከተማ ባለው ታይዋን ገበያ ውስጥ የተነሣ የካርድ ፎቶ አብሮ ይመጣል፤ ሻጩም ቆሞ መልስ እየጠበቀ ነው። ፎቶውን አይቶ ብቻ መመለስ ግን አይቻልም። ያው ካርድ ለአንዱ የሬንደር ሰዓቱን በግማሽ ያሳጥርለታል፤ ለሌላው ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ለሦስተኛው ደግሞ ሥራ መሐል ኮምፒውተሩን ድርግም እያደረገ ያጠፋበታል። ልዩነቱ ያለው ካርዱ በሚገባበት ማሽንና በሚሠራው ሥራ ላይ ነው።

እርምጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይሂዱባቸው። ሞዴል የሚመረጠው ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት አምስቱ የራስዎን ማሽን የሚያውቁባቸው ናቸው፤ ከአንድ ከሰዓት በላይ አይወስዱም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ሜትርና የስልክ መብራት
- ለስላሳ ቡሩሽ (የድሬ አቧራ ኬዙ ውስጥ እንደሚጠብቅዎት እርግጠኛ ይሁኑ)
- አንድ ፍላሽ። በውስጡ የካርዱን መረጃ የሚያነበው ጂፒዩ ዚ፣ ካርዱን በከባድ ጫና የሚፈትነው ፈርማርክ፣ ዲዲዩ የተባለው የድራይቨር ማጽጃ፣ ሳይጫን የሚከፈተው የብሌንደር (የስሪዲ ፕሮግራም) ቅጂ፣ እንዲሁም ከሠሯቸው ሥራዎች በጣም የከበደው አንድ ፕሮጀክት ይኑሩ
- ወረቀትና እስክሪብቶ፤ የሚለኩትን ቁጥር ሁሉ ይጽፉበታል

1. ሥራው የት ላይ እንደሚታነቅ ይለዩ

የከበደውን ፕሮጀክት ይክፈቱና ከ10 እስከ 20 ሰከንድ የሚሆን ክፍሉን ሬንደር ያድርጉ። የወሰደውን ጊዜ ይጻፉ። ሬንደር እያደረገ ሳለ ጂፒዩ ዚን ከፍተው «ሴንሰርስ» የሚለውን ገጽ ይመልከቱ፤ የካርዱን ጫና በመቶኛ፣ የተያዘውን ሜሞሪና ሙቀቱን ያሳያል። የፕሮሰሰሩን፣ የራሙንና የዲስኩን ሁኔታ ደግሞ ከዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ያንብቡ። የካርዱን ጫና ግን ከታስክ ማኔጀር አይውሰዱ። እዚያ በቅድሚያ የሚታዩት ግራፎች ኩዳ የተባለውን፣ ፕሮግራሞች የኤንቪዲያን ካርድ ለስሌት የሚጠቀሙበትን ሥራ ስለማያካትቱ፣ ካርዱ እስከ ጫፍ እየሠራ ሳለ ሥራ የፈታ ሊመስል ይችላል።

አሁን ያገኙትን እንዲህ ያንብቡት።

ፕሮሰሰሩ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ደርሶ ካርዱ ከ30 በመቶ በታች ከሆነ አዲስ ካርድ አይጠቅምዎትም። አፍተር ኢፌክትስ ላይ በብዛት የሚገጥመው ይህ ነው። ጋውሺያን ብለር፣ ሉሜትሪ ከለር፣ ፍራክታል ኖይዝና መሰል ኢፌክቶች በካርዱ ይታገዛሉ፤ ብዙዎቹ ፕለጊኖች፣ የሼፕ ሌየሮችና የኤክስፕረሽን ስሌቶች ግን የፕሮሰሰሩ ሥራ ናቸው። ታይምላይኑ ከታች በኩል ያለውን የቀንድ አውጣ ምልክት ይጫኑ፤ እያንዳንዱ ሌየርና ኢፌክት የወሰደውን ጊዜ ለይቶ ይነግርዎታል። አንዳንድ ጊዜ አንድ ኢፌክት ብቻ ግማሹን ጊዜ ሲበላ ያገኙታል፤ መፍትሔው ያን ሌየር አስቀድሞ ሬንደር አድርጎ በቪዲዮ መተካት ነው። ለዚያ ምንም አይገዙም።

ራሙ ሞልቶ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተሰቀለ ገንዘቡን ራም ላይ ያውሉት። በ16 ጊጋባይት ራም 4ኬ የሚሠራ ሰው ካርድ ከመቀየሩ በፊት 32 ጊጋባይት ሊያስገባ ይገባል።

ካርዱ ከ90 በመቶ በላይ ከሠራ፣ ወይም ሜሞሪው ጢም ብሎ ከሞላ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ወደ ሁለተኛው እርምጃ ይለፉ። እንደ ብሌንደር ሳይክልስ፣ ሬድሺፍት፣ ኦክቴንና ኤለመንት ስሪዲ ባሉ የስሪዲ ሬንደር ፕሮግራሞችና በዳቪንቺ ሪዞልቭ የቀለምና የኖይዝ ማጽዳት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በአብዛኛው እዚህ ይደርሳሉ።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። የሚያስቸግርዎት ሬንደሩ ሳይሆን የካሜራው ቪዲዮ ታይምላይን ላይ መቆራረጡ ከሆነ፣ የቪዲዮውን ዓይነት ያረጋግጡ። አዳዲስ ካሜራዎች የሚቀርጹትን ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 ኤች 265 ቪዲዮ የአርቲኤክስ 30 እና 40 ተከታታይ ካርዶች በሃርድዌር መፍታት አይችሉም፤ የ50ዎቹ ይችላሉ። ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ የራሳቸው ግራፊክስ ያላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ይችላሉ። ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ የቪዲዮው ቅጂ) መሥራት ግን ይህን ችግር ያለ ምንም ወጪ ያቃልለዋል።

2. ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚያስፈልግዎት ያስሉ

የካርድ ፍጥነት ማነስ ያስጠብቃል፤ የካርድ ሜሞሪ ማነስ ግን ሥራውን ያቆማል። ሜሞሪው ሲሞላ ፕሮግራሙ ወይ ዋናውን ራም መበደር ይጀምርና በእጅጉ ይዘገያል፣ ወይ ስህተት አሳይቶ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለት ካርዶች መሐል ከዋለሉ፣ በትንሹ ዘገምተኛ ሆኖ ሰፊ ሜሞሪ ያለውን ይውሰዱ። ለሞሽን ግራፊክስ ይህን ምክር ያለ ምንም ማመንታት እሰጣለሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ የ4ኬ ፍሬም 3840 በ2160 ፒክስል ነው። በ8 ቢት የቀለም ጥልቀት ሲሠራ 33 ሜጋባይት፣ በ16 ቢት 66 ሜጋባይት፣ በ32 ቢት 133 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ይህ ለአንድ ሌየር ነው፤ ሌየሮችና ኢፌክቶች ሲደራረቡ፣ አፍተር ኢፌክትስም ብዙ ፍሬሞችን በአንድ ጊዜ ሲሠራ ይባዛል። በስሪዲ ሥራ ደግሞ 4096 በ4096 የሆነ አንድ ቴክስቸር ሳይጨመቅ 64 ሜጋባይት፣ ባለ 8192ቱ 256 ሜጋባይት ይወስዳል። አሥር ባለ 8ኬ ቴክስቸሮች ያሉት ትዕይንት ገና ቅርጾቹ ሳይቆጠሩ 2.5 ጊጋባይት በላ ማለት ነው።

በእኔ ግምት፦ በ1080 ሙሉ ኤችዲ ለሚሠራ የአፍተር ኢፌክትስ ሰው 6 ጊጋባይት ይበቃል፤ ለ4ኬ 8 ጊጋባይት፤ ብሌንደር ወይም ሬድሺፍትን ለደንበኛ ሥራ ለሚጠቀም 12 ጊጋባይት፤ ከባድ የስሪዲ ትዕይንት ለሚሠራ 16። ዊንዶውስና ሞኒተሮቹም የድርሻቸውን እንደሚይዙ አይርሱ።

3. የፓወር ሰፕላዩን ትክክለኛ አቅም ያንብቡ

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉ፤ ኬዙን ይክፈቱ፤ የፓወር ሰፕላዩን ወረቀት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይመኑ። ማየት ያለብዎት 12 ቮልት በሚለው ሥር የተጻፈውን አምፔር ነው፤ ግራፊክስ ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚመገቡት ከዚያ ነውና። አምፔሩን በ12 ያባዙ። «500 ዋት» ተብሎ 12 ቮልቱ ላይ 20 አምፔር ብቻ የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ ለእነዚህ ሁለቱ የሚሰጠው 240 ዋት ነው። እንዲህ ያለው ገበያ ላይ ሞልቷል።

ካርዶች ኃይል የሚያገኙት ከሁለት ቦታ ነው፦ የማዘርቦርዱ ስሎት እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ የቀረው በገመድ ይመጣል። ባለ 6 ፒን ገመድ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን 150 ዋት ይጨምራል። ከፓወር ሰፕላይዎ የሚወጡት የካርድ ገመዶች ስንት እንደሆኑና ስንት ፒን እንዳላቸው ይቁጠሩና ይጻፉ።

ብዙዎቻችን ያገለገሉ የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ ማሽኖች ላይ ነው የምንሠራው። በእነዚህ ማሽኖች ላይ የፓወር ሰፕላዩ ቅርጽም ሆነ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ሶኬት በአብዛኛው የፋብሪካው የራሱ ነው፤ ከገበያ የተገዛ ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምም። የካርድ ገመድም ብዙ ጊዜ የላቸውም። እንዲህ ያለ ማሽን ካለዎት ምርጫዎ ያለ ተጨማሪ ገመድ ከ75 ዋት በታች የሚሠራ ካርድ ነው፤ በስድስተኛው እርምጃ እመለስበታለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሃርድ ዲስክ የሳታ ገመድ ወደ ባለ 8 ፒን የሚቀይረውን ርካሽ ማገናኛ በፍጹም አይጠቀሙ። የሳታ ጫፍ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ 150 ዋት ሲሳብበት ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱንም ፈትተው ለመጠገን አይሞክሩ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ይቆያል።

4. ቦታውን፣ ስሎቱንና የሞኒተሩን ገመድ ይለኩ

ከኬዙ የኋላ ግድግዳ እስከ ፊተኛው ማራገቢያ ወይም የሃርድ ዲስክ ማስቀመጫ ድረስ በሜትር ይለኩ። ባለ ሁለት ማራገቢያ ካርዶች ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ ሦስቶቹ እስከ 30 እና ከዚያ በላይ ይረዝማሉ። የኃይል ገመዱ መታጠፊያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው የሚገባው።

የሞኒተርዎ ገመድ አሮጌው ባለ ሰማያዊ ጫፍ ቪጂኤ ከሆነ፣ አዳዲስ ካርዶች ያ ቀዳዳ የላቸውም። ከዲስፕሌይ ፖርት ወይም ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መሣሪያ አብረው ይግዙ፤ አለበለዚያ ካርዱን ገጥመው ምስል ሳያገኙ ያመሻሉ።

5. ሙቀቱንና መብራቱን በስሌት ውስጥ ያስገቡ

የካርድ ግምገማዎች በአብዛኛው የሚሠሩት 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ እንደ ሳቢያን ወይም ከዚራ ባለ የድሬ ሰፈር ያለ ስቱዲዮ ቀን ላይ 35 ዲግሪ ይደርሳል። የክፍሉ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የካርዱም በዚያው ልክ ገደማ ይጨምራልና፣ ግምገማው ላይ 70 ዲግሪ የተባለው ካርድ እዚህ 85 ሊገባ ነው። ብዙዎቹ የኤንቪዲያ ካርዶች ወደ 83 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ሐረር ያለ ጓደኛዎ በዚያው ካርድ ከእርስዎ ቀድሞ ሬንደር ቢጨርስ አይግረምዎት፤ ከተማው ከድሬ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ያለና ቀዝቃዛ ነው።

ከዚህ የሚከተለው፦ ተመሳሳይ ፍጥነት ካላቸው ሁለት ካርዶች ያነሰ ዋት የሚበላውን ይምረጡ። ኬዙ ከፊት አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ማራገቢያ ይኑረው። አቧራውን በየወሩ በቡሩሽ ያጽዱ፤ በአየር የሚነፉ ከሆነ የካርዱን ማራገቢያ በጣትዎ ይያዙት፣ በነፋስ ሲሽከረከር ሊበላሽ ይችላል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በተባለው ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 80 በመቶ ዝቅ ማድረግም ጥሩ መላ ነው፤ የሚያጡት ፍጥነት ትንሽ ነው፣ የሚቀንሰው ሙቀት ግን በግልጽ ይታያል።

ዩፒኤስ ካለዎት በላዩ የተጻፈው ቪኤ ዋት አለመሆኑን ይወቁ። የተለመደው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ 360 ዋት አካባቢ ነው የሚችለው። በአዲሱ ካርድ ምክንያት ማሽኑ ከዚያ በላይ ከሳበ፣ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ዩፒኤሱም አብሮ ይጠፋል። ረጅም የስሪዲ ሬንደርን ደግሞ ሁልጊዜ በፒኤንጂ ወይም በኤክስአር የምስል ተከታታይ ያውጡ፤ መብራት ቢጠፋ ከቆመበት ፍሬም ይቀጥላሉ። በአንድ የቪዲዮ ፋይል ሲያወጡ ግን የሌሊቱ ሥራ እንዳለ ይጠፋል።

6. አሁን ሞዴሉን ይምረጡ

በመጀመሪያ ፋብሪካው። ኦክቴን በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው በኤንቪዲያ ካርድ ብቻ ነው። ብሌንደርና ሬድሺፍት የኤኤምዲ ካርዶችንም ይቀበላሉ፤ ሆኖም ብሌንደር ሳይክልስ በኤንቪዲያ አርቲኤክስ ካርዶች ኦፕቲክስ በተባለው ስልት ጎልቶ ይፈጥናል። ሥራዎ ስሪዲ ካለበት ኤንቪዲያ ይግዙ እላለሁ።

- የካርድ ገመድ ለሌለው የፋብሪካ ማሽን፦ ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050፣ 70 ዋት። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ግማሽ ቁመት ያለው አርቲኤክስ ኤ2000፤ እሱም 70 ዋት ሲሆን ባለ 6 እና ባለ 12 ጊጋባይት ይገኛል። ባለ 12ቱን ካገኙ አይለፉት።
- ቢያንስ 550 ዋት ትክክለኛ አቅም ላለው ማሽን፦ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት፣ 170 ዋት። ለአሮጌ ማዘርቦርድ የምመክረው ይህን ነው፤ ምክንያቱን ከዝርዝሩ በታች ያገኙታል።
- 115 ዋት ብቻ የሚበላው አርቲኤክስ 4060 ለድሬ ሙቀት ተስማሚ ነው፤ ሜሞሪው ግን 8 ጊጋባይት ነው። አፍተር ኢፌክትስ ብቻ ለሚሠራ ጥሩ ነው፣ ለስሪዲ ይጠባል።
- አቅሙ ላለው፦ አርቲኤክስ 4060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይት፣ 165 ዋት፤ ወይም አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይት፣ 180 ዋት።

4060፣ 4060 ቲአይና 5060 ቲአይ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በ8 የመረጃ መስመር ነው፤ 3060 በ16 ነው። ማዘርቦርድዎ የፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ የሚገባበት ስሎት ዓይነት) 3 ትውልድ ከሆነ፣ ባለ 8 መስመሮቹ ካርዶች ሜሞሪያቸው ሞልቶ ከራም መበደር ሲጀምሩ በይበልጥ ይጎተታሉ።

የጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ካርዶችን በርካሽ ስላገኙ ብቻ አይግዙ። ኤንቪዲያ መደበኛ የድራይቨር ድጋፋቸውን በ580ው ቅርንጫፍ አብቅቷል፤ አዳዲስ የሬንደር ፕሮግራሞችም እየተዉአቸው ነው።

7. ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ይፈትኑት

ካርዱ ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ይገጠም። ከፍላሽዎ ጂፒዩ ዚን ይክፈቱ። የቺፑ ስም ፊት «ፌክ» የሚል ቃል ካለ ካርዱ የተጭበረበረ ነው። የኮሮቹን (ቺፑ ውስጥ ያሉትን የስሌት ክፍሎች) ብዛት ከሚከተለው ጋር ያስተያዩ፦ አርቲኤክስ 3060 3584፣ 4060 3072፣ 4060 ቲአይ 4352። «3060» ተብሎ 3840 ኮርና 6 ጊጋባይት ካሳየ የላፕቶፕ ቺፕ ነው። 3060 ባለ 8 ጊጋባይትም አለ፤ የሜሞሪው መገናኛ ስፋት 128 ቢት ነው፣ የሚፈልጉት ባለ 12ቱ 192 ቢት ነው።

ከዚያ ፈርማርክን 15 ደቂቃ ያሂዱ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም የቀለም መስመር ከታየ፣ ማራገቢያው ከተንገጫገጨ፣ ወይም ሙቀቱ 90 ዲግሪ ከደረሰ ይተዉት። በመጨረሻ የብሌንደር ፕሮጀክትዎን ሬንደር ያድርጉ፤ ሜሞሪው እስከ ጥግ ሲሞላ ብቻ የሚታይ ብልሽት አለና ፈርማርክ ብቻውን አይበቃም።

ለማስፈተን ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ጋር አይከራከሩ፣ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። ከተስማሙ ደረሰኙ ላይ ሞዴሉን፣ የሜሞሪውን መጠንና የካርዱን መለያ ቁጥር ያስጽፉ።

8. ይግጠሙት

የድሮውን ድራይቨር በሴፍ ሞድ ገብተው በዲዲዩ ያጽዱ። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለው የኬዙን ብረት በእጅዎ ይንኩ፤ ሰውነትዎ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙላት ካርዱን እንዳይጎዳ ነው። የስሎቱን መያዣ ተጭነው አሮጌውን ያውጡ፤ አዲሱን ቀጥ አድርገው «ቀጭ» እስኪል ይጫኑ፤ ብሎኖቹን ያጥብቁ። ሁለት የኃይል ቀዳዳ ካለው ሁለት የተለያዩ ገመዶች ያስገቡ። ከዚያ የኤንቪዲያን «ስቱዲዮ» ድራይቨር ይጫኑ፤ ለፈጠራ ፕሮግራሞች ተፈትኖ የሚወጣው እሱ ነው።

9. ፕሮግራሞቹ ካርዱን መጠቀማቸውን አረጋግጠው እንደገና ይለኩ

አፍተር ኢፌክትስ ላይ በፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ የሜርኩሪ ጂፒዩ ማፋጠኛውን ይምረጡ። ብሌንደር ላይ በፕሪፈረንስስ ውስጥ «ሲስተም» ገብተው ኦፕቲክስን ያብሩ፤ ከዚያ የፕሮጀክቱ ሬንደር «ጂፒዩ ኮምፒዩት» ላይ መሆኑን ይዩ። አንደኛው እርምጃ ላይ የተጠቀሙበትን ያንኑ ክፍል ሬንደር አድርገው ጊዜውን ከጻፉት ጋር ያስተያዩ። ለውጥ ከሌለ ጂፒዩ ዚ ላይ «ባስ ኢንተርፌስ» የሚለውን ያንብቡ፤ 16 መስመር ያለው ካርድ 4 ላይ እየሠራ ከሆነ የገባው በሁለተኛው ስሎት ነው፣ ወደ ላይኛው ያዛውሩት።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- የሞኒተሩን ገመድ ካርዱን ትቶ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት። «አዲሱ ካርድ አይሠራም» ተብሎ የሚመጣልኝ ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።
- በጌም ግምገማ ተመርቶ መግዛት። ጌም ላይ የሚቀድመው ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ የስሪዲ ትዕይንቱን ጨርሶ ላይከፍት ይችላል።
- ሬንደር ሲጀመር ኮምፒውተሩ ድንገት ሲጠፋ ካርዱን መመለስ። አስቀድመው የኃይል ጣሪያውን ወደ 70 በመቶ ዝቅ አድርገው ይሞክሩ፤ መጥፋቱ ከቀረ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፓወር ሰፕላዩ ነው።
- ሙቀቱን ጠዋት ለክቶ መተው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ በር ዘግተው በሚሠሩበት ሁኔታ አንድ ሰዓት ሬንደር አስደርገው ይለኩት፤ ከ83 ዲግሪ ካለፈ የኬዙን የጎን ክዳን ከመክፈት ይልቅ የፊት ማራገቢያ ይጨምሩ። ክዳኑ ሲከፈት አየሩ አቅጣጫውን ይስታል፣ አቧራውም በቀጥታ ካርዱ ላይ ይወርዳል።